ራዳር ዲቴክተር ልትገዙ ነው?

የትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት ራዳር አካባቢው ላይ ሲኖር የሚጮህ ዕቃ ነውና፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ። ፈረንሳይን የመሰሉ አገሮች ጭራሽ ከልክለውታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የትራፊኩ ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱ መኪናችሁን ነክቶ ሲመለስ ድግግሞሹ በፍጥነታችሁ ልክ ስለሚቀየር፣ ስንት እየነዳችሁ እንደሆነ ከዚያ ያሰላል። ዲቴክተሩ ያንን ሞገድ የሚያዳምጥ ሬዲዮ ነው፣ በቃ። ራዳሩ ከጠፋ ደግሞ አያገኘውም።

ስትመርጡ ባንዱን፣ ማለትም የሚያዳምጠውን የድግግሞሽ ክልል፣ እዩ። ኤክስ ባንድ አርጅቷል፣ እለፉት። ኬኤ ባንድ፣ ከ33 እስከ 36 ጊጋኸርዝ፣ ሲጮህ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ራስ ምታቱ 24 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ኬ ባንድ ነው፤ አውቶማቲክ የሕንፃ በሮችና የብዙ መኪኖች የጎን ሴንሰሮችም እዚያው ስለሚሠሩ፣ ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ዕቃ ከስታዲየም ቦሌ እስክትደርሱ ሲንጫጫ ይቆያል። (እኔ በሦስተኛው ቀን ነቅዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሜክሲኮ አደባባይ በሥራ መውጫ ሰዓት ማን ሊፈጥን ነው?) ጂፒኤስ ያላቸው አንዳንዶቹ የውሸት ጩኸት ያለበትን ቦታ መዝግበው ሁለተኛ ዝም ይላሉ፤ ከቻላችሁ እሱን ግዙ።

ሻጩ «ሌዘርም ይይዛል» (በሬዲዮ ሞገድ ፋንታ በብርሃን ጨረር ፍጥነት የሚለካውን መሣሪያ ማለቱ ነው) ካላችሁ አትሸወዱ። የሌዘር ጨረር ጠባብ ነው፣ ዲቴክተሩ ሲጮህ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነታችሁ ተለክቶ አልቋል።