መሃል ላይ አቁሙት፦ ፖድካስት ክፍል ውስጥ

ሐዋሳ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንዱ ክፍሌ ብቻ 58 ተማሪ አለው። ያለኝ ስልክና ትንሽ ስፒከር ነው፤ ይበቃል።

ፖድካስት፣ ማለትም ከኢንተርኔት አውርደን የምንሰማው የድምፅ ዝግጅት፣ ስትመርጡ አጭሩን ምረጡ። የቢቢሲው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። መግቢያው ላይ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልሱ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። የሚወራው በጽሑፍም አለ። ማታ ቤት አውርዱት፣ የትምህርት ቤት ኔትወርክ አይታመንም።

ስፒከሩን ሰሌዳው ስር አታስቀምጡት። መሃል ረድፍ ዴስክ ላይ አድርጉትና እናንተ ኋላ ሄዳችሁ ቁሙ። እዚያ ያልተሰማችሁ ለተማሪውም አይሰማውም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ተዉት፤ የዚያን ቀን ጽሑፉን እያነበባችሁ አስተምሩ።

አሁን ዋናው። በፕላዝማ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ትምህርት፣ የተማርን እናስታውሳለን፦ ደብተራችን ላይ ጽፈን ቀና ስንል ትምህርቱ አልፎናል። የሚያቆምልን አልነበረም። ፖድካስት ግን እጃችሁ ላይ ነው፣ አቁሙት! እኔ መጀመሪያ ሳይጽፉ ዝም ብለው እንዲሰሙ ሙሉውን አጫውታለሁ። በሁለተኛው ዙር ሦስት ቦታ አቆማለሁ።

አንድ ቀን ስለ እንቅልፍ እያዳመጥን «ናፕ» የሚለው ቃል ላይ አቆምኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቆይቶ ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ ሸለብ ማድረግ ነው?» አለች። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። «ከምሳ በኋላ ሲል ሰማሁ» አለችኝ። ቃሉን እኔ ተርጉሜላቸው ቢሆን ኖሮ ይህን አትለማመድም ነበር።

ለእኛ ለመምህራንም ይሠራል። ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅብናል፣ ብዙው ግን ፋይል መሙላት ሆኖ ይቀራል። እኛ አራት የዲፓርትመንት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ፖድካስት ባጃጅ ውስጥ እያዳመጥን እንመጣለን። ሐሙስ ስታፍ ውስጥ ቡና ይዘን «ሰኞ ክፍል ውስጥ ምን እንሞክር?» እንባባላለን። ሌላ ጥያቄ የለንም።

ከዚያ የራሳችሁን ክፍለ ጊዜ በስልክ ቅዱ። እኔ የራሴን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ጠይቄ ወዲያው እኔው እመልሳለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት ደግሞ የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። አሁን ጠይቄ በልቤ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። የኋላ ወንበሮቹ እጅ የሚያወጡት ያኔ ነው።