በባሕር ዳር ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚመጣን እንግዳ ቡድን እንዴት ማስተናገድ ይቻላል?

በዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ጨዋታ ዕለት ተመልካቹ የሚያየው ተጫዋቾቹን፣ አሰልጣኞቹንና ዳኞቹን ነው። ከእነርሱ በስተጀርባ ግን ለእንግዳው ቡድን የተመደበ አንድ የአገር ሰው አለ፤ ቡድኑ ከአውሮፕላን ከወረደበት ጊዜ አንሥቶ ተመልሶ እስኪሳፈር ድረስ ከጎኑ አይለይም። ሆቴሉን፣ ሾፌሩን፣ ትራፊክ ፖሊሱን፣ የስታዲየሙን ሠራተኞችና የጨዋታውን ኮሚሽነር (ጨዋታውን እንዲቆጣጠር የተመደበውን ኃላፊ) ከቡድኑ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን የአስተባባሪነት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀበል ሰው ነው።

ባሕር ዳር ለሥራው እንግዳ አይደለችም። ኅዳር 9 ቀን 2012 ኮትዲቯር 2 ለ 1 የተሸነፈችው፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ማዳጋስካር 4 ለ 0 የተረታችው እዚሁ ነው። በሐምሌ 2013 ደግሞ ታንዛኒያ ዋንጫ የወሰደችበት የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሴካፋ ከ23 ዓመት በታች ውድድር በከተማችን ተካሂዷል። መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸንፋ ከሄደች በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውም ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የስታዲየም እድሳት በጀት ያለው አካል የሚሠራው ነው። እንግዳን በሥርዓት የመቀበሉ ሥራ ግን በከተማዋ ልጆች እጅ ያለ በመሆኑ፣ ጨዋታ ሲመጣ ሳይሆን ከወዲሁ ሊማሩት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

1. ከቡድኑ መሪ ጋር አስቀድመው ይገናኙ

ቡድኑ ከመምጣቱ በፊት የቡድኑ መሪ፣ የሐኪሙና የትጥቅ ኃላፊው ስልክ በእጅዎ ሊኖር ይገባል። ከመሪው የሚፈልጉት የልዑካኑን ዝርዝር፣ የበረራ ሰዓቱን፣ የምግብ ፍላጎቱንና የጓዙን ብዛት ነው። ቡድኑ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነ አስተርጓሚ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮዎት ይሁን፤ በስልክ የሚደረግ ትርጉም በመልበሻ ክፍል ጫጫታ ውስጥ አይሠራም።

2. ሆቴሉን በሌሊት ይጎብኙ

ሆቴልን በቀን አይቶ መመለስ በቂ አይደለም። የጣና ዳር ሆቴሎች ውበታቸው ለእረፍት ሰው እንጂ በነጋታው ለሚጫወት ተጫዋች ሁልጊዜ አይመችም፤ በቅዳሜና እሑድ ሰርግ የሚደገስባቸው ብዙዎች ናቸውና በጨዋታው ዋዜማ አዳራሹ ተይዞ እንደሆነ ፊት ለፊት ይጠይቁ። ጀኔሬተሩ መብራት ሲጠፋ በስንት ጊዜ እንደሚነሣ በዓይንዎ ይዩ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት በሐይቁ ዙሪያ የወባ ትንኝ ስለሚበዛ እያንዳንዱ አልጋ አጎበር እንዳለው፣ ያለውም ያልተቀደደ መሆኑን አንድ በአንድ ያረጋግጡ፤ የቡድኑ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የሚሰማው ድምፅም እንግዳን እንዳያስደነግጥ አስቀድሞ መንገር መልካም ነው።

3. ሰዓቱን አንድ ያድርጉ

የዚህ ሥራ ዋነኛው ፈተና እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ቡድን ባሕር ዳር ላይ ከተቸገረ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው በሰዓት ነው።

አንድ ጨዋታ ከሰዓት በኋላ በእኛ 10 ሰዓት ይጀምራል እንበል። በቡድኑ መሪ ወረቀት ላይ ይህ 16:00 ተብሎ ይጻፋል። በዓለም አቀፍ መርሐ ግብሮች ደግሞ በግሪንዊች አቆጣጠር 13:00 ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ አገራችን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለችና። ሾፌሩና የሆቴሉ ወጥ ቤት የሚያውቁት ግን 10 ሰዓትን ብቻ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ቅጽበት ነው።

አደጋው የት እንዳለ ልብ ይበሉ። በእኛና በፈረንጁ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ልክ 6 ስለሆነ ቁጥሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርሳቸው ይተካካሉ፤ የእኛ 10 ለእነርሱ 4፣ የእኛ 4 ደግሞ ለእነርሱ 10 ነው፤ 3 እና 9፣ 2 እና 8 እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የተሳሳተው ሰዓት ፈጽሞ የተሳሳተ አይመስልም፤ ሾፌርም ሆነ እንግዳ ሲሰማው የሚሆን ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ 4 ሰዓት ልምምድ የነበረው አንድ ቡድን አውቶቡሱ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት መጥቶ፣ እስከ ምሳ ጠብቆ፣ ልምምዱ ቀርቷል ብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ሾፌሩ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ያዘዘውም የተነገረውን አስተላልፏል። ተጫዋቾቹ ግን ጫማቸውን አጥልቀው በሆቴሉ ደጃፍ ቆመው ቀሩ፤ ከተሰጣቸው የልምምድ ጊዜም አጋማሹ ባከነ።

መፍትሔው ሰዓትን በቃል አለመናገር ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ያለው ሰሌዳ ያዘጋጁ፤ በመጀመሪያው የሚደረገው ነገር፣ በሁለተኛው የእኛ ሰዓት፣ በሦስተኛው በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈው ይሁን። በእኛው ዓምድ ላይ ከቁጥሩ በፊት ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለውን ቃል መጻፍ ግዴታ ነው። የእኛ ሰዓት ከ12 ስለማያልፍ 14:00 ወይም 16:00 የሚል ጽሑፍ ከሰዓት በኋላ ላለው ጊዜ ማንንም አያሳስትም። የጠዋቱ 08:00 እና 10:00 ግን ይህ ጥበቃ የላቸውም፤ ስለዚህ ይበልጥ የሚጠነቀቁት ለጠዋት መርሐ ግብሮች ይሁን።

የሌሊት በረራም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ቦሌ ማክሰኞ 01:00 የሚደርስ ቡድን ለእኛ ሰው ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት የደረሰ ያህል ነው፤ ለማክሰኞ አጥቢያ ብሎ ያልጻፈ አስተባባሪ ተቀባዩን አንድ ቀን አዘግይቶ ይልካል። የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ነው። ዚምባብዌ እዚህ 1 ለ 0 የተሸነፈችበት ጨዋታ ለእንግዶቹ በመስከረማቸው 7ኛ ቀን የተደረገ ሲሆን ለእኛ ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ነበር። ፈረንጆቹ 13ኛ ወር ስለሌላቸው በቁጥር ብቻ የተጻፈ የጳጉሜን ቀን ለሌላው ዓለም ትርጉም አይሰጥም። በየትኛውም የሆቴልና የበረራ ወረቀት ላይ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ።

ሰሌዳው ካለቀ በኋላ በቴሌግራም መላኩ አይከፋም፤ እኔ ግን በታተመ ወረቀት አምናለሁ። ስታዲየሙ ሲሞላ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ ሰሌዳውን ይበልጥ የሚፈልጉትም ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ሲሰጡ ደግሞ ተቀባዩ መልሶ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። ለሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» ብለው ይጠይቁትና፣ «ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ» ብሎ በራሱ አንደበት እስኪመልስ ድረስ አይለዩት። «እሺ» ብቻ ማለቱ መልስ አይደለም።

4. ሰሌዳውን ከመጀመሪያው ፊሽካ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የዕለቱ ሰሌዳ የሚሠራው ከጨዋታው መጀመሪያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ትክክለኛው ዝርዝር በቅድመ ጨዋታው ስብሰባ ከኮሚሽነሩ የሚሰጥ ሲሆን የእርሱ ቃል ከሁሉ ይቀድማል። ለልምምድ ያህል ግን ጨዋታው በ10 ሰዓት ከሆነ ቡድኑ ስታዲየም የሚገባው 90 ደቂቃ ቀደም ብሎ በ8፡30፣ የተሰላፊዎች ዝርዝር የሚቀርበው በ8፡45፣ ሰውነት ማሟሟቅ የሚጀመረው 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ተጫዋቾቹ ከመልበሻ ክፍል የሚወጡት ደግሞ በ9፡50 ገደማ ይሆናል። ከሆቴል መነሻው 8 ሰዓት ከሆነ አውቶቡሱ 7፡30 ላይ በር ላይ ይቁም። ከጨዋታ በፊት ያለው ምግብ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ ስለሚበላ ወጥ ቤቱ በ6፡30 አዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

መንገዱን ከሾፌሩና ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር አስቀድመው ይንዱት፤ የሚነዱትም ጨዋታው በሚደረግበት ሰዓት ይሁን። ጨዋታው ቅዳሜ ከዋለ የገበያው ሰው ጋሪውንና ባጃጁን ይዞ መንገድ ስለሚሞላ ማክሰኞ ዕለት የለኩት ጊዜ ለቅዳሜ አይሆንም።

5. ምግቡን በፆምና በፍስክ ያስቡ

ከላይ የተጠቀሰው የማዳጋስካር ጨዋታ የተደረገው በዐቢይ ፆም፣ ያውም ረቡዕ ዕለት ነበር። በሁዳዴ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ እንቁላልና ወተትም እንደ ልብ አይገኝም። ተጫዋች ግን ዶሮ፣ እንቁላልና እርጎ ይጠይቃል። ስለዚህ ጨዋታው ከፆም ጋር ከገጠመ ሆቴሉ ከየት እንደሚገዛ፣ የት እንደሚያስቀምጥ ቀድመው ይነጋገሩ። በቡድኑ ውስጥ ሙስሊም ተጫዋቾች ካሉ ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት መምጣቱን፣ በተለየ ድስትም መሠራቱን ከዋናው ወጥ ሠሪ ጋር ቁመው ያረጋግጡ፤ ይህን በአስተናጋጅ በኩል ማስተላለፍ አይበቃም። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ለሁሉም የሚስማማ ምግብ ነው፤ ጥብሱን በዘይት ሳያበዙ፣ በርበሬ ሳይነካው እንዲቀርብ ማዘዝ ብቻ ይበቃል። ውኃው ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። ለጉዳት የሚያገለግለው በረዶም ከታሸገ ውኃ ተሠርቶ ከዋዜማው በማቀዝቀዣ ይደር።

6. ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ልምምድ

ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ነው። አውሮፕላኑ አነስተኛ ከሆነ የቡድኑ ጓዝ በሌላ በረራ ሊከተል ስለሚችል የትጥቅ ኃላፊው የጨዋታ ጫማዎችንና የግብ ጠባቂ ጓንቶችን በእጅ ሻንጣ እንዲያደርግ አስቀድመው ይምከሩት። ሻንጣዎቹን ከእርሱ ጋር ሆነው ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ይጻፉት፤ ሲመለሱ ያስፈልግዎታል። እንግዳው በዋዜማው በስታዲየሙ፣ በጨዋታው ሰዓት መለማመዱ የተለመደ ነው። በዚያ ጊዜ መልበሻ ክፍሉን ይክፈቱለት፤ የገላ መታጠቢያው ውኃ መውረዱን፣ መጸዳጃው መሥራቱን፣ የማሳጅ አልጋው መኖሩንም ከእንግዳው ቀድመው ይዩ።

አንዳንዶች እንግዳ ቡድንን ማጉላላት ለባለሜዳው ቡድን ጥቅም ይመስላቸዋል። ይህ በፍጹም ስህተት ነው። ኮሚሽነሩ ያየውን ሁሉ በሪፖርቱ ያሰፍራል፤ ስለ ሜዳው ሲወሰንም እንዲህ ያለው ሪፖርት ሊነበብ ይችላል። ከዚያም በላይ ሰውን ጋብዞ ማስጠማት የባሕር ዳር ሰው ወግ አይደለም።

7. ለቅድመ ጨዋታው ስብሰባ ማሊያና ፓስፖርት

የቡድኑ መሪ ወደ ስብሰባው ሲሄድ ሁለቱንም የማሊያ ቀለሞች ከነቁምጣቸውና ከነካልሲያቸው፣ የግብ ጠባቂዎቹንም ጨምሮ ይዞ እንዲሄድ ያድርጉ። የተጫዋቾቹ ፓስፖርት ለማንነት ማጣሪያ ስለሚፈለግ በአንድ ቦርሳ ይሁን፤ ቦርሳው በቡድኑ መሪ እጅ እንጂ በእርስዎ እጅ አይደር።

8. የጨዋታው ዕለት

ባጅዎን ያድርጉ፣ የብሔራዊ ቡድናችንን ማሊያ ግን አይልበሱ። አገርዎን መውደድዎ የታወቀ ነው፤ በዚያን ዕለት ግን ከእንግዳው መልበሻ ክፍል በር ላይ የሚቆሙት ለእንግዳው ነው። ጎል ሲቆጠር ደስታዎን በልብዎ ይያዙት። ከዚህ በቀር ሥራዎ ሰሌዳውን ይዞ ቀጣዩን ደቂቃ ከአሥር ደቂቃ በፊት ለመሪው መንገር ነው። በእረፍቱ 15 ደቂቃ ውስጥ ማንም ያልተፈቀደለት ሰው በዚያ በር እንዳያልፍ ይቁሙ፤ ዘመድ ይሁን ባለሥልጣን ልዩነት የለውም።

9. ከጨዋታው በኋላ

የተሸነፈ ቡድን ፈጥኖ መውጣት ይፈልጋል፤ ያሸነፈ ቡድን ደግሞ መዘግየት። በሁለቱም ጊዜ አውቶቡሱ የሚንቀሳቀሰው ፖሊስ መንገዱ ተከፍቷል ሲል ብቻ ነው። ቡድኑ ከወጣ በኋላ ወደ መልበሻ ክፍሉ ተመልሰው መስቀያዎቹን፣ ከአግዳሚው ሥርና የመታጠቢያውን ጥግ ይፈትሹ። የእጅ ሰዓት፣ የስልክ ቻርጀርና የጸሎት መቁጠሪያ የሚረሱት እዚያ ነው።

ማታውኑ ከሆቴሉ ሒሳብ ክፍል ጋር ይቀመጡ። አዘጋጁ የሚከፍለውንና ተጫዋቹ በግሉ ያዘዘውን ይለዩ፤ የግሉን ዝርዝር ለቡድኑ መሪ አሳይተው በፊርማው ያረጋግጡ። ይህ ለጠዋት ከተተወ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል በእንግዳ መቀበያው ፊት ክርክር ይነሣል። በማግሥቱ ሻንጣዎቹን ሲመጡ ከጻፉት ቁጥር ጋር ያስተያዩ፣ ባጆቹን ይሰብስቡ፣ መሪው የመሳፈሪያ በሩን አልፎ እስኪገባም ድረስ ከአውሮፕላን ማረፊያው አይውጡ።