ቱርኒኬት (እጅ ወይም እግር ላይ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) መኪናችሁ ውስጥ ይኑር
መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ ብዙዎቻችን ከበን እናያለን። ከእግር ወይም ከእጅ እየተንፎለፎለ የሚወጣ ደም ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል፣ አምቡላንስ እስኪመጣ አይጠብቅም።

አንዱ 907 ይደውል። እናንተ ቁስሉን በጨርቅ በኃይል ተጫኑት። አልቆም ካለ ቱርኒኬቱን ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይሆንም። ማጥበቂያዋን ዘንግ ደሙ እስኪቆም አዙሩና ቆልፏት። በጣም ያማል። ቁስለኛው ቢጮህም፣ ቢለምናችሁም፣ ሐኪም ጋ እስኪደርስ እንዳታላሉት! የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

ከሌላችሁ፣ የታጠፈ ነጠላና ጠንካራ እንጨት ከምንም ይሻላል፤ ሽቦና ሲባጎ ግን ሥጋ ይቆርጣል። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ፣ በአንድ እጃችሁ ብቻ ማሰሩን ተለማመዱ።