ለመብት ስንሟገት የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ለጎጃም ወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ጎጃም ሙግት ያውቃል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል በአባቶቻችን አፍ የኖረው በከንቱ አይደለም። ሰው በቅሎውን ቢያጣ እንኳ ተሰምቶ፣ ተመስክሮ፣ ተፈርዶበት ከሆነ ይችለዋል። አንዲት ጭብጦ በጉልበት ስትወሰድበት ግን እንቅልፍ ያጣል። ዛሬም ጠዋት ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቢቸና ወይም ዳንግላ ፍርድ ቤት ግቢ ብትገቡ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የተቀመጠ ሰው አታጡም። የሚፈልገው መሰማት ነው።

ማህበሩም፣ ጠበቃውም፣ የሕግ ትምህርት ቤቱም «ለሰብአዊ መብትና ለፍትህ ማሻሻያ እንሟገታለን» ሲሉ በዚህ ሰው ስም ነው የሚናገሩት። ችግሩ ንግግራችንና የሰውየው ወረቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ለምን እንደማይገናኙ ባየሁት ልክ ልናገር። ሙያውን ገና ለምትጀምሩት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቀንና ሰዓት የሌለው ጩኸት

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። «መብት እየተጣሰ ነው»፣ «ፍትህ ጠፍቷል» የሚል መግለጫ ማውጣት ቀላል ነው። ማስተባበልም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው። ባለሥልጣኑ «መሠረተ ቢስ ነው» ብሎ ይጨርሰዋል። ለዚያ መልስ የሚሆነው መዝገብ ብቻ ነው።

አንዲት እናት ቢሮ ገብታ «ባሌን ወስደውብኛል» ስትል ብዙ ወጣት ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው። እሷ ምክንያቱን ከየት ታውቀዋለች? የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው።

«መቼ ነው የያዙት እናቴ?»

«ቅዳሜ፣ ለገበያ ስንወጣ።»

«ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«ጤፉን ጭነን ነበር። ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ማን ያዘው? ፖሊስ ነው ሚሊሻ?»

«ሁለቱም ነበሩ። አንዱን አውቀዋለሁ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«መጀመሪያ ቀበሌ አሳደሩት። አሁን ወረዳ ነው አሉኝ፤ ምሳ ሳደርስ አልተከለከልኩም።»

ሕጉ የሚፈልገው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የተያዘ ሰው ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ 48 ሰዓቱ ይሞላል። ከቀበሌው እስከ ወረዳው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድም መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ፖሊስ «መንገድ ላይ ነበርን» ይላል፤ እናንተም መልስ አይኖራችሁም።

ሰውየው ጭራሹን ፍርድ ቤት ካልቀረበ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 አቤቱታው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት በቃለ መሐላ ተደግፎ እንዲቀርብ ይጠይቃል። በቃለ መሐላው ላይ የያዘው ሰው ስም፣ የተያዘበት ቦታና ሁኔታ፣ የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ይሰፍራል። «አንዱን አውቀዋለሁ» ያለችው እናት ለዚህ ነው ወርቅ የሆነችው። የታሰረው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሊምልለት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ባለማወቁ ብቻ ጣቢያ በር ላይ ሳምንት ይከርማል።

ቀርቦ ቀጠሮ የተጠየቀበት ከሆነ ደግሞ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አለ። ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ አይሰጥም። በየቀጠሮው መርማሪው ምን ሠርቶ እንደመጣ ጠይቁ፤ መልሱንም መዝገብ ላይ አስጽፉ። ሁለተኛ ሲመጣ የመጀመሪያውን ምክንያት ደግሞ ካቀረበ ዳኛው ራሱ ያየዋል።

አስር ጠበቆች ይህንኑ አንድ ዓይነት ቅጽ ለአንድ ዓመት ቢሞሉ ማንም «መሠረተ ቢስ» ሊለው የማይችል ሰነድ ይወጣል። የፍትህ ማሻሻያ የሚባለው ነገር እዚህ ይጀምራል። የማህበር መግለጫ ክብደት የሚያገኘው ከጀርባው ይህ ሲኖር ነው።

«አስቸኳይ ጊዜ ነው፣ ሕግ የለም» ብሎ መቀመጥ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለክልላችን የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ለአራት ወር ተራዝሞ እስከ 2016 ዘልቋል። በዚያ ጊዜ ብዙ ባለሙያ መዝገቡን ዘግቶ ተቀመጠ። ፍርሃቱን አልንቅም። ፈርቶ መተውና «ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ መተው ግን ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ስህተት ነው፤ ለባለጉዳዩም የተሳሳተ ምክር ይሆናል።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 93 እንደገና አንብቡት። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ አንቀጾች አሉ። ከእነዚህ አንዱ አንቀጽ 18 ነው፤ ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን የሚከለክለው። ሌላው አንቀጽ 25 ነው፤ የእኩልነት መብት። ስለዚህ ታሳሪ ተደብድቧል የሚል አቤቱታ በአዋጅ ዘመንም አቤቱታ ነው። ከዚህም ሌላ መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ስም ዝርዝሩን በጽሑፍ መጠየቅ ሕጋዊ ሥራ ነው። መልስ ባይመጣ እንኳ የጠየቃችሁበት ደብዳቤ ማህተምና ቀን ይዞ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ነገ ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን የባሕር ዳር ቢሮ ስታመለክቱ የምታያይዙት እሱን ነው።

አዲስ አበባ የወጣ ሕግ ጎጃም የደረሰ መምሰል

የሙያው ትልቁ ድል ተብሎ የሚነገረው የቤተሰብ ሕጉ ነው። ይገባዋልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 15 ብሎ፣ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ሥራውን በነጻ የሕግ ምክር ጀመረ። ሴቶች ጉዳያቸውን ይዘው መጡ። ሕጉ የት የት ላይ እንደሚያንቃቸው ከእነዚያ ጉዳዮች ታየ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ማህበሩ አዳራሽ ይዞ የገባው መፈክር ብቻ አልነበረም፤ የሰው ጉዳይ ይዞ ነበር።

ያ አዋጅ ግን ጎጃም ላይ በቀጥታ አልሠራም። የቤተሰብ ሕግ የክልል ሥልጣን ነው። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 እስኪያወጣ 1995 ዓ.ም. ደረሰ። በመሃሉ የነበሩትን ዓመታት አስቡ። አዲስ አበባ ላይ ደስታው ሲከበር የደጀንና የሞጣ ልጅ በአሮጌው ሕግ ሥር ነበረች።

ስለዚህ «ሕጉ ተሻሽሏል» ሲባል ሦስት ነገር ጠይቁ። ክልሉ አጽድቆታል? መመሪያ ወጥቶለታል? የወረዳው ዳኛና ፖሊስ ቅጂው አላቸው? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ግን እሱ ነው። የሰበር ውሳኔዎችም፣ ማለትም የመጨረሻው ችሎት የሕግ ስህተትን አርሞ የሚሰጣቸው ውሳኔዎች፣ እንዲሁ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰበር ችሎቱ ልጅን ለወላጅ አባቱ ከመስጠት ይልቅ ላሳደገችው አክስት እንዲቆይ ወስኗል። መሠረት ያደረገው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕጻናት መብቶች ስምምነትን ነው። በአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገር ፍርድ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። የወረዳ ሙግት ላይ ይህን የሚጠቅስ ጠበቃ ስንት ነው?

ቋንቋን መርሳት

አጭር ነው፤ ግን አይታለፍ። ጎጃም ውስጥ አውንግኛ የሚናገር ወገን አለ። አማርኛ ገበያ ላይ ስለቻለ ችሎት ላይ ይችላል ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ይላል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከተከለከለም ጥያቄያችሁን አስመዝግቡ። ለይግባኝ ይሆናል።

ሁሉን ነገር ለሽማግሌ መስጠት፣ ወይም ሽማግሌን መናቅ

ሁለቱም ያስቸግራሉ። ከተማ የተማረ ባለሙያ ሽምግልናን እንደ ኋላ ቀርነት ሲያይ ገበሬው ይርቀዋል። ደም የሚያደርቁ፣ ሁለት ዘመድ ሲጋደል መሃል ገብተው አገር የሚያተርፉ ሽማግሌዎች አሉን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል እንዲዳኝ በር ከፍቷል።

በሌላ በኩል ግን አንዳንድ ነገር ለሽማግሌ አይሰጥም። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጠለፋና መድፈርም በ«ታረቁ» አይዘጉም። እዚህ ላይ ፈቃድ የሚጠየቀው የአባቶች ነው፤ የልጅቱን ማንም አይጠይቅም። ልባችንን ሊያምመው የሚገባው እሱ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ከነገሩ በፊት ተነጋገሩ። «ይኼንን ይዛችሁ ኑ፣ ይኼንን ግን ለፖሊስ ስጡ» በሏቸው። በአክብሮት ከተነገራቸው ብዙዎቹ ይሰማሉ።

ራፖር ጸሐፊውን አለማየት

ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ አቤቱታ የሚጽፈው ሰው ለአብዛኛው ገበሬ የመጀመሪያው «የሕግ ባለሙያ» ነው። ጠበቃ ቢሮ ከመግባቱ በፊት እሱ ዘንድ ይሄዳል። የተሳሳተ ክስ የሚጻፈውም፣ የይርጋ ጊዜ (የክስ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ) የሚያልፈውም፣ ርስቱን የሚያስለቅቀው መስመር የሚዘለለውም እዚያ ነው። ስለ ፍትህ ተደራሽነት ሆቴል ውስጥ ስንወያይ ግን ራፖር ጸሐፊ ጋብዘን አናውቅም።

የፌደራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዞ ነበር። ከዚያ ሰዓት ጥቂቱን ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ብታሳልፉት ብዙ ሰው ትደርሳላችሁ። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ተማሪዎቻቸውን እዚያ ቢያስቀምጡ መልካም ነበር።

በአንድ ኪስ መኖር

በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘውን ገንዘብ በ10 በመቶ ገደበው። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም፣ ከ1984 ጀምሮ የነበረው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤም (ኢሰመጉ) ክፉኛ ተጎዱ፤ ሥራቸው ጠበበ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አነሳው። ደስ ይላል። ነገር ግን ሕግ የፈታውን ሕግ ያስራል። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌደራል ጠበቆች በሕግ የታወቀ ማህበር እንዲኖራቸው አድርጓል። የአባላት መዋጮ ያለው ማህበር መብት ላይ የሚሠራ ክፍሉን ከራሱ ኪስ ቢደጉም፣ ነገ የውጭ ገንዘብ በሩ ቢዘጋ እንኳ የሚቀጥል ሥራ ይኖራል።

ጠበቃን ከደንበኛው ጋር ማምታታት

«የእነ እገሌ ጠበቃ» እየተባለ የሚፈራ ባልደረባ ሲኖር ዝም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሀቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የጠበቆች ሚና መርሆዎች ጠበቃ በደንበኛው ዓላማ እንዳይፈረጅ ይላሉ። ዳኛ በውሳኔው ምክንያት ሲንገላታም እንዲሁ ተናገሩ፤ ትናንት የፈረደባችሁ ዳኛ ቢሆን እንኳ።

የባለጉዳይን ስም ፌስቡክ ላይ መለጠፍ

ይኼ አሁን አሁን እየበዛ ነው። ወጣቱ ጠበቃ ከልቡ ተቆጥቶ የታሰረውን ሰው ፎቶ፣ ቀበሌውንና የሚስቱን ቃል ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ላይክ ይጎርፋል። ማታ ግን እዚያ ቀበሌ የምታድረው ሚስቱ ናት። ምስክሮቹም ስማቸው ወጥቷል። ጉዳዩ አደባባይ መውጣት ካለበት መጀመሪያ ባለጉዳዩን ጠይቁ። ቢወጣ ምን ሊመጣ እንደሚችል በግልጽ ንገሯቸው፤ መፍቀዳቸውንም በጽሑፍ ያዙ። እምቢ ካሉ ስምና ቦታ አስቀርታችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተጣሰውን አንቀጽ ብቻ ጻፉ። ለማህበሩና ለኮሚሽኑ የሚሄደው ሙሉው ፋይል ግን በቁልፍ ይቀመጥ፤ ማን እንደሚከፍተውም ከወዲሁ ይወሰን።