ፖስተራችሁን መጀመሪያ በኤ4 አትሙት
በዮርዳኖሱ ሴሳሜም ሆነ በሌላ ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ ለምርምር የሚሆን ብርቱ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ማሽን) የሠራችሁትን ጥናት ይዛችሁ ለፖስተር ሽልማት የምትወዳደሩ፣ ይህቺን ሞክሯት። ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሁሌም ትልቅ ይመስላል። ሲሰቀል ግን የስፔክትረሙ ግራፍ ላይ ያሉት የኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ) ቁጥሮች አይነበቡም። ብዙ ፖስተር የሚያይ ዳኛ ደግሞ ተጠግቶ አይታገልም።

የኤ0 ፖስተሩን በአንድ ኤ4 ወረቀት አትሙና ከዓይናችሁ 50 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ያዙት። ኤ4 በቁመትም በወርድም የኤ0 ሩብ ነው። ስለዚህ የሚታያችሁ ከፖስተሩ 2 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሚያየው ነው። ካልተነበበ ፊደሉን አሳድጉ፣ ቃላት ቀንሱ። እኔ ቀድሜ የማየው የግራፉን ዘንጎች ነው።

የምስል ጥራት ግን በዚህ አትፈትሹ። ኤ4 ላይ ጥርት ያለ የኤክስሬይ ምስል ኤ0 ላይ ሊደበዝዝ ይችላል።