ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ዊንዶውስ አልነሳ ካለ ወደ ፎርማት አትሩጡ። አርማው ብቅ ሲል ፓወሩን ተጭናችሁ ያዙና አጥፉት። ሁለት ሦስቴ ስትደጋግሙት የጥገናው ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ሪፔር። አንዳንዴ እዚሁ ይገላገላል።

ካልሆነ እዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁር መስኮት) ግቡ። ኤስኤፍሲ (sfc) የሚባለው ትእዛዝ የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን በደህና ቅጂ ይተካል። ብዙ ሰው የሚሸወደው በድራይቭ ፊደል ነው፤ እዚህ ውስጥ ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የፎልደሮችን ዝርዝር በሚያሳየው በዲር (dir) ትእዛዝ የዊንዶውስ ፎልደር የት እንዳለ እዩ። ኤስኤፍሲ ላይ ስካንናው (/scannow፣ አሁን ፈትሽ ማለት ነው) ብቻ አይበቃም፤ ዊንዶውሱ ያለበትን ቦታ የሚነግሩትን ኦፍቡትዲርና ኦፍዊንዲር (/offbootdir እና /offwindir) ጨምራችሁ ትክክለኛውን ፊደል ስጡት።

ተጠግኖ ደግሞ ከተበላሸ ግን ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ፤ ፋይሎቻችሁን ቶሎ ኮፒ አድርጉ።