የአበባ ብናኝ ትንበያን ለራስ አፍንጫ እንዴት ማንበብ ይቻላል

የስልክዎ አፕ «የብናኝ መጠን፦ ዝቅተኛ» ይላል፤ እርስዎ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲያስነጥሱ ይውላሉ። በማግስቱ ቀዩ ምልክት በርቶ ምንም አይሰማዎትም። እንዲህ ያለ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ካጋጠመው ብዙ ሰው ትንበያውን ማየት ይተዋል። እኔም ትቼው ነበር። በኋላ እንደገባኝ ግን ጥፋቱ የትንበያው ብቻ አልነበረም። ቁጥሩ የየትኛው ተክል እንደሆነ፣ የት እና መቼ እንደተለካ ሳላውቅ ነበር የማነበው።

1. መጀመሪያ በሽታውን ይለዩ

ብዙ ሰው በደፈናው «ሳይነስ አለብኝ» ብሎ ያልፈዋል። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር «ጉንፋን ያዘኝ» የሚልም አለ። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይለቃል፤ ትኩሳትና ቁርጥማት ሊኖረው ይችላል። የብናኝ አለርጂ ትኩሳት የለውም። ዓይንና ላንቃን ያሳክካል፣ ከአፍንጫ የሚወርደው እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፣ ለሳምንታትም ይዘልቃል። ዓመቱን ሙሉ የማይለቅዎት ከሆነ ግን ምክንያቱ የቤት አቧራ፣ ሻጋታ ወይም የቤት እንስሳ ሊሆን ስለሚችል የብናኝ ትንበያ ብዙም አይጠቅምዎትም።

2. የእርስዎን ተክል ይወቁ

ደማቅና ትልልቅ አበቦች ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋታቸው ይከሰሳሉ። ብናኛቸው ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ንብ ተሸክማው ትሄዳለች እንጂ ነፋስ እንደልቡ አያንሳፍፈውም። ዋናዎቹ ጥፋተኞች አበባቸው እንኳ አበባ የማይመስል፣ ብናኛቸውን ለነፋስ የሚሰጡ ተክሎች ናቸው፦ ሳሮች፣ እንደ በርችና ወይራ ያሉ ዛፎች፣ እንዲሁም እንደ ራግዊድና የአሪቲ ዘመዶች ያሉ አረሞች።

እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ አያብቡም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ብርድና ሙቀት በሚፈራረቅባቸው አገሮች፣ ብርዱ ሲለቅ ዛፎች ይጀምራሉ፤ ሙቀቱ ሲገባ ሳሮች ይከተላሉ፤ ሙቀቱ ሲገባደድ የአረሞች ተራ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሱጊ የሚባለው ዛፍ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ሚሊዮኖችን ያስነጥሳል። ሞቃትና ዝናባማ በሆኑ አካባቢዎች ሳሮች የሚያብቡት ዝናቡን ተከትለው ስለሆነ፣ ከወሩ ስም ይልቅ ዝናቡ የገባበትን ጊዜ መቁጠር ይሻላል።

በግምት ከመሄድ መመርመር ይቀላል። የአለርጂ ሐኪም ክንድዎ ላይ የተለያዩ ጠብታዎችን አድርጎ ቆዳዎን በጥቂቱ ይወጋጋል፤ ውጤቱም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ፀረ ሂስታሚን (የአለርጂ ማስታገሻ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ውጤቱን ስለሚሸፍነው፣ ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለብዎ አስቀድመው ይጠይቁ።

3. ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይመልከቱ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ይመስለኛል። ብናኝን ለመቁጠር በብዙ አገሮች ዛሬም የሚሠራበት መሣሪያ ሂርስት የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ያስተዋወቀው ነው። መሣሪያው በደቂቃ 10 ሊትር አየር ይስባል፤ ሰው ሥራ ሳይበዛበት የሚተነፍሰውን ያህል መሆኑ ነው። አየሩ የሚያርፈው የሚያጣብቅ ነገር በተቀባ ቴፕ ላይ ሲሆን፣ ቴፑ የተጠቀለለበት ከበሮ በሰዓት 2 ሚሊሜትር ብቻ እየዞረ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በሙያው የሠለጠነ ሰው ቴፑን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ «ይህ የሳር፣ ይህ የበርች» እያለ ይቆጥራል። ውጤቱ የሚጻፈው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በአማካይ ስንት ቅንጣት እንደነበረ ነው፤ አማካዩም የ24 ሰዓት ነው።

እንግዲህ «ቆጠራ» የሚባለው ቁጥር ያለፈ ጊዜ ወሬ ነው፤ ቢፈጥን የትናንት ነው። በራሳቸው የሚቆጥሩ ዘመናዊ መሣሪያዎች እየመጡ ቢሆንም በሁሉም ቦታ የሉም። «ትንበያ» የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ተክሎቹ የት እንዳሉ፣ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኙ፣ ነፋሱና ዝናቡ እንዴት እንደሚሆን በኮምፒውተር ተሰልቶ የሚወጣ ግምት ነው። ለምሳሌ የአውሮፓው ኮፐርኒከስ የከባቢ አየር አገልግሎት የበርች፣ የሳር፣ የወይራ፣ የራግዊድ፣ የአልደር ዛፍና የአርቴሚሲያ (የአሪቲ ዘመዶች) ብናኝን ለአራት ቀናት ይተነብያል።

አፕዎ ውስጥ «የመረጃ ምንጭ» የሚለውን ይክፈቱና ቁጥሩ ከመለኪያ ጣቢያ የመጣ ነው ወይስ የተሰላ ግምት ነው የሚለውን ያጣሩ። ከጣቢያ ከሆነ ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል? ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ይተከላሉ። የበርች ብናኝ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል የሩቅ ጣቢያም ፍንጭ ይሰጣል። የሳር ብናኝ ግን በብዛት የሚወርደው እዚያው አካባቢ ነው። ከቤትዎ ጀርባ ያልታጨደ ሜዳ ካለ ከጣሪያው መሣሪያ ይልቅ ሜዳውን ይመኑ።

ምንጩን ጨርሶ የማይናገር አፕ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ዛፍ፣ ሳርና አረምን ሳይለይ «ብናኝ፦ ከፍተኛ» ብቻ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ለሳር ብቻ ለሚያስነጥስ ሰው የዛፍ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

4. «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» በሚሉት ቃላት አይታለሉ

ቃላቱ ከአገር አገር ይለያያሉ። በአንድ ሜትር ኩብ 40 የሳር ቅንጣት ተቆጠረ እንበል። የብሪታንያ መለኪያ ከ30 እስከ 49 ያለውን «መካከለኛ» ይለዋል። በአሜሪካ የሚሠራበት መለኪያ ግን ከ20 እስከ 199 ያለውን የሳር ብናኝ «ከፍተኛ» ይለዋል። ያው 40 የዛፍ ብናኝ ቢሆን ኖሮ አሜሪካም ውስጥ «መካከለኛ» ነበር፤ የዛፍ «ከፍተኛ» የሚጀምረው ከ90 ነውና። ቁጥሩን ትተው ከ0 እስከ 5 ወይም ከ0 እስከ 12 ነጥብ የሚሰጡም አሉ። ስለዚህ ለአንድ ሙሉ ወቅት አንድ ምንጭ ብቻ ይያዙ። ሁለት አፕ እያመሳከሩ መዋል ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም የለውም።

5. የራስዎን መስመር ያግኙ

ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ በቂ ነው። በየማታው አምስት ነገር ይመዝግቡ፦ የተክልዎን ቁጥር ወይም ደረጃ፣ የዕለቱን አየር ጠባይ፣ የት እንደዋሉ፣ መድኃኒት መውሰድ አለመውሰድዎን፣ እና ለሕመሙ ከ0 እስከ 3 የሚሰጡትን ነጥብ። መድኃኒቱን መመዝገብ አይርሱ። እኔ የመጀመሪያውን ወር ያበላሸሁት እሱን ሳልጽፍ ቀርቼ ነው፤ «ደህና የዋልኩበት ቀን» ያልኩት ሁሉ ለካ ክኒን የዋጥኩበት ነበር።

ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ማስነጠሱ ከየትኛው ደረጃ እንደሚጀምር መታየት ይጀምራል፤ የእርስዎ መስመር እሱ ነው። አንዳንዱ ሰው ገና «ዝቅተኛ» ሲባል ይጀምረዋል። ሲያነቡ ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ ሕመሙ ከተጋለጡ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል የማታው መታፈን የጠዋቱ ጉዞ ውጤት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አፍንጫ ለሳምንታት ሲቆጣ ከቆየ ይበልጥ ስስ ይሆናል፤ በወቅቱ መጀመሪያ ያለፉት ቁጥር በወቅቱ ማብቂያ ሊጥልዎት ይችላል።

6. ጠዋት ጠዋት ከአየሩ ጋር አያይዘው ያንብቡ

ደረቅ፣ ሞቃትና ነፋሻ ቀን ብናኝ ያበዛል። ረጋ ብሎ ለረጅም ጊዜ የሚጥል ዝናብ አየሩን ያጥባል፤ ከዝናቡ በኋላ ያለው ሰዓት ለመውጣት ጥሩ ነው።

ነጎድጓድ ግን ለየት ይላል። በሳር ወቅት ከማዕበሉ ፊት የሚመጣው ነፋስ ብናኙን ወደ መሬት ያወርደዋል፤ እርጥበት ያገኘው ቅንጣት ደግሞ ይፈነዳና ሳንባ ድረስ መግባት በሚችሉ ጥቃቅን ብናኞች ይበተናል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2016 በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከተማ ውስጥ በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መተንፈስ አቅቷቸው ወደ ሆስፒታል ሄዱ፤ አሥር ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ታካሚዎች መካከል ቀድሞ አስም እንዳለባቸው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ። ከተማዋ ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት ከዚያ ወዲህ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ለዚሁ ብቻ የተለየ ትንበያ ያወጣል። አስም ካለብዎ ወይም በብናኝ ወቅት ደረትዎ የሚታፈን ከሆነ፣ የሳር ቁጥር ከፍ ብሎ ነጎድጓድ ሲተነበይ መስኮት ዘግተው ቤት ይቀመጡ፤ የሚሳበው መድኃኒትዎም ከአጠገብዎ አይራቅ።

7. መስመርዎ ሲታለፍ የሚደረገው

መስኮት ይዝጉ፣ መኪና ውስጥ የውጭ አየር ማስገቢያውን ያጥፉ፣ ልብስ ውጭ አያስጡ። ሲገቡ ልብስ ይቀይሩ፤ ፀጉርዎን ከመተኛትዎ በፊት ይታጠቡ፣ ያለዚያ ብናኙን ትራስዎ ላይ ይዘውት ያድራሉ። ሳር ማጨድ ለሌላ ሰው ይተዉ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ የማያስተኙት አዳዲሶቹ ፀረ ሂስታሚኖች ለማስነጠስና ለማሳከክ ፈጥነው ይረዳሉ። ስቴሮይድ ያለበት የአፍንጫ ስፕሬይ ግን ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቀዩ ምልክት ከበራ በኋላ ቢጀምሩት ይዘገያል። የደብተሩ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፦ ዘንድሮ የመጀመሪያው ማሳከክ የመጣበትን ቀን ያክብቡና ከሐኪምዎ ወይም ከፋርማሲስትዎ ጋር ተነጋግረው፣ በሚቀጥለው ዓመት ስፕሬዩን ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀድመው ይጀምሩ።